ሁለተኛ የሚመርጥህ ማነው? የአየርላንድ የምርጫ ሰሞን የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 – ደብሊን

ደብሊን የገባሁት በባሕር ነው። ከዌልስ ሆሊሄድ ወደብ ተነስተን ከሦስት ሰዓት በላይ ተጓዝን። ከለንደን በአውሮፕላን መምጣት ይቀል ነበር። ግን መርከብ ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ያወራል። እኔ ደግሞ የመጣሁት ሰው ስለ ምርጫ ሲያወራ ለመስማት ነው። አየርላንድ የፊታችን ዓርብ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2024፣ አዲስ ምክር ቤት ትመርጣለች። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ስለ አገር ቤት ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ባልና ሚስት አንድ ጋዜጣ ለሁለት ያነብባሉ። ፊት ገጹ ላይ አይሪሽ ታይምስ ያስጠናው የሕዝብ አስተያየት ወጥቷል። ከሦስቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ፊያና ፎል 21 በመቶ፣ ሺን ፌን 20፣ ፊነ ጌል 19። «ሦስቱም እኩል ናቸው» አለ ሰውየው። «አንዳቸውም ብቻቸውን አይገዙም» አለች ሚስቱ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳትል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። ዶይል የሚሉት ምክር ቤት ዘንድሮ ከ160 ወደ 174 ወንበር አድጓል። መንግሥት ለመመሥረት 88 ያስፈልጋል። እኩል የሚሆኑ ሦስት ፓርቲዎች ባሉበት አገር ብቻውን 88 የሚሞላ የለም። ስለዚህ «ማን ያሸንፋል?» ከሚለው ይልቅ «ማን ከማን ጋር ይገባል?» የሚለው ይከብዳል።

ሁለቱ አንጋፋ ፓርቲዎች፣ ፊያና ፎልና ፊነ ጌል፣ የተወለዱት ከእርስ በርስ ጦርነት ነው። በ1922 እና በ1923 ከብሪታንያ ጋር በተደረገው ስምምነት የተነሳ ትናንት አብረው የታገሉ ሰዎች ተገዳደሉ። ስምምነቱን ከተቃወሙት ወገን ኤመን ዴ ቫሌራ በ1926 ፊያና ፎልን መሠረቱ። የደገፉት ወገን ወራሽ ደግሞ በ1933 የተቋቋመው ፊነ ጌል ሆነ። ከዚያ በኋላ አንዱ ሲገዛ ሌላው ሲቃወም ኖሩ። በአንድ ካቢኔ አብረው የተቀመጡት ገና በ2020 ነው፤ አረንጓዴው ፓርቲ ሦስተኛ ሆኖ ገብቶ። ደም የተቃቡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበው በጀት ሲያጸድቁ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር ስንቱ ነገር በዚህ መንገድ ሊያልቅ ይችል እንደነበር አስባለሁ።

ያረፍኩት በምዕራብ ደብሊን፣ ብላንቻርድስታውን፣ እትዬ ቤት ነው። አዲስ አበባ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። እዚህ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲሠሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዜግነትም ወስደዋል። ትናንት የነቢያት ጾም ገብቷልና የሽሮው ሽታ ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። «ና ግባ የኔ ልጅ፣ ብርዱ ሳይመታህ» አሉኝ። በበሩ የተወረወረውን የፓርቲዎች በራሪ ወረቀት አንድም ሳይጥሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድረውታል። «ሁሉንም አነብባለሁ» አሉ። «ድምፅ እኮ ነው፣ ዝም ብሎ አይሰጥም።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 – ደብሊን

ጠዋት መሀል ከተማ ወጣሁ። የመብራት ምሰሶው ሁሉ የዕጩ ፎቶ ተሸክሟል። አንዱ ምሰሶ ላይ የአምስት ሰው ፊት ቆጠርኩ። ምርጫው ባለፈ በሰባት ቀን ውስጥ ካልወረደ ቅጣት አለው። ምክር ቤቱ ያለበት ሌንስተር ሀውስ ግን ጭር ብሏል፤ ዶይል ከኖቬምበር 8 ጀምሮ ተበትኗል።

ከሕንፃው አለፍ ብላ ካለች ካፌ ሻይ አዘዝኩ፤ ያለ ወተት። አስተናጋጁ ደግሞ ጠየቀኝ፤ እዚህ ያለ ወተት ሻይ የሚጠጣ ብዙ የለም። አጠገቤ አንዲት ወጣት መምህርት የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከወላጆቿ ጋር፣ በልጅነት ክፍሏ ውስጥ። ደመወዟ መጥፎ አይደለም። ግን ደብሊን ውስጥ አንድ ቤት ለመከራየት በወር ከ2,000 ዩሮ በላይ ይጠየቃል። ከጓደኞቿ ሦስቱ አውስትራሊያ ሄደዋል። «ማንን እንደምመርጥ አውቃለሁ» አለችኝ። «የማላውቀው የመረጥኩት ሰው ከማን ጋር እንደሚገባ ነው።»

ይህች አገር ድሃ አይደለችም። ባለፈው መስከረም የአውሮፓ ፍርድ ቤት አፕል ኩባንያ ወደ 14 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ግብር ለአየርላንድ እንዲከፍል ወስኗል። የመንግሥት ካዝና ተርፎታል። በዚያው አገር ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤት አጥቶ በጊዜያዊ መጠለያ ያድራል፤ ሲሶ ያህሉ ሕፃናት ናቸው። ገንዘብ እያለ ቤት የጠፋበትን ምክንያት ማስረዳት የማይችል ፖለቲከኛ ድምፅ ሊጠይቅ አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ማታ ከእትዬ ጋር የሦስቱን መሪዎች ክርክር በአር ቲ ኢ ቴሌቪዥን ተመለከትን። ሳይመን ሃሪስ፣ የፊነ ጌል መሪና ጠቅላይ ሚኒስትር፣ 38 ዓመቱ ነው። ምክር ቤት የገባው በ24 ዓመቱ ነው። ኮቪድ ሲመጣ የጤና ሚኒስትር ነበር። ሊዮ ቫራድካር ባለፈው መጋቢት በድንገት ሲለቅ ወንበሩን ወረሰ። ከፓርቲው ነባር ተመራጮች ግማሽ ያህሉ ዘንድሮ አይወዳደሩም። ስለዚህ ዘመቻው በሙሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

ሚሆል ማርቲን 64 ዓመታቸው ነው። ፊያና ፎልን የተረከቡት በ2011 ነው፤ ባንኮቹ ፈርሰው፣ አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት የድረሱልኝ ብድር በወሰደች ማግስት። በዚያ ዓመት ፓርቲው ወደ 20 ወንበር ወረደ። ብዙ ሰው አለቀለት ብሎ ነበር።

ሦስተኛዋ ሜሪ ሉ ማክዶናልድ ናቸው። ከ2018 ጀምሮ ሺን ፌንን ይመራሉ። በ2020 ፓርቲያቸው 24.5 በመቶ የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ አግኝቶ ከሁሉም በልጦ ነበር። ግን መንግሥት ውስጥ ያስገባቸው የለም። ከዚያ በሕዝብ አስተያየት እስከ 30 በመቶና ከዚያም በላይ ወጡ። ባለፈው ሰኔ የአካባቢ ምርጫ ላይ ደግሞ ወደ 12 በመቶ ወረዱ። ሃሪስም ማርቲንም ከሺን ፌን ጋር መንግሥት አንመሠርትም ብለው አስቀድመው ዘግተዋል። አንዱ ምክንያት የኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው። ሌላው ፓርቲው ከታጣቂው ቡድን ከአይ አር ኤ ጋር የነበረው የቆየ ትስስር ነው።

እትዬ ክርክሩን በጥሞና ሰሙ። «እሷ ስትናገር ደስ ትለኛለች» አሉ መጨረሻ ላይ። «ግን ማን በር ይከፍትላታል?»

ረቡዕ፣ ኅዳር 18 – ኮርክ

ከሂዩስተን ጣቢያ እስከ ኮርክ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳል። ዝናቡ አላባራም። ባለፈው ቅዳሜና እሑድ ያለፈው ማዕበል መስኩን ውኃ አስተኝቶበታል።

ኮርክ የማርቲን ከተማ ናት። የተወለዱት እዚሁ፣ ከሠራተኛ ቤተሰብ ነው። አባታቸው የአውቶቡስ ሹፌርና ስመ ጥር ቦክሰኛ ነበሩ። እሳቸውም ፖለቲካ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከመግባታቸው በፊት መምህር ነበሩ። እንግሊሽ ማርኬት የተባለው የተሸፈነ ገበያ ከ1788 ጀምሮ እዚያው አለ። ዓሣ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ስለ ማርቲን ስጠይቃቸው ቢላቸውን አስቀመጡ። «ሲጋራውን ከመጠጥ ቤት ያስወጣው እሱ ነው» አሉኝ። እውነት ነው። በመጋቢት 2004 አየርላንድ በሥራ ቦታ ሁሉ ማጨስ ስትከለክል የጤና ሚኒስትሩ ማርቲን ነበሩ። በአገር ደረጃ ቀድሞ ይህን ያደረገ አልነበረም። «ያኔ ሰደብነው፤ አሁን ልጆቼ የሚሠሩት ጭስ በሌለበት ነው» አሉ ሽማግሌው።

የእኔ ትኩረት ግን ሌላ ነው። በ2020 ማርቲንና ቫራድካር ሥልጣን በየተራ ለመያዝ ተስማሙ። መጀመሪያ ማርቲን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በታኅሣሥ 2022 ቀኑ ሲደርስ ወንበሩን አስረክበው ምክትል ሆኑ። ያለ ግርግር፣ በወረቀቱ መሠረት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ማርቲን፣ የስምምነቱ ደጋፊዎች መሪ የነበረው ማይክል ኮሊንስ በ1922 አድፍጠው በጠበቁት ሰዎች በተገደለበት በቤል ና ብላ ንግግር አደረጉ። ኮሊንስ የፊነ ጌሎች ጀግና ነው። ከፊያና ፎል መሪ ይህን ያደረገ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሥልጣንን በጊዜው አስረክቦ ምክትል መሆን፣ የሌላውን ወገን ሙት በአደባባይ ማክበር። እነዚህ ሁለት ነገሮች ባይኖሩ ስለ ጥምረት የሚወራው ሁሉ ባዶ የቁጥር ጨዋታ ይሆን ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19 – ኬሪ

ከኮርክ ወደ ኪላርኒ በማሎ በኩል ነው። ከማሎ አለፍ ብሎ ካንተርክ አለ። ሃሪስ ባለፈው ዓርብ እዚያ ሱፐር ማርኬት ውስጥ ሲዞር አንዲት የአካል ጉዳተኞች ተንከባካቢ፣ መንግሥት ዘርፉን ችላ ብሏል ስትለው አልቀበልም ብሎ ጥሏት ሄደ። በስልክ የተቀረፀው ምስል አገሩን አዳረሰ። በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቀ። ባቡር ውስጥ ሰው ሁሉ ስለዚያች ደቂቃ ያወራል። አንዲት ነርስ «የደከመው ሰው ነው፤ ቢሆንም እኛም ደክሞናል» አለች። ከዘመቻው ንግግር ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት በመኪናቸው ኪልጋርቫን ድረስ ወሰዱኝ። ትንሽ መንደር ናት። ግን የአየርላንድን መንግሥታት ስሌት የሚያውቅ ሁሉ ስሟን ያውቃል። የሂሊ-ሬይ ቤተሰብ መኖሪያ ናት። አባትየው ጃኪ ሂሊ-ሬይ በ1997 የግል ተመራጭ ሆነው ገቡ። ያኔ የበርቲ አኸርን ጥምር መንግሥት ድምፅ ጎድሎት ነበርና ለድጋፋቸው ለኬሪ መንገድና ሥራ አስመጡ። አሁን ሁለት ልጆቻቸው፣ ማይክልና ዳኒ፣ ከአንድ ምርጫ ክልል ሁለቱም ተመራጮች ናቸው። የማይክል ጥቁር ቆብ ፖስተሩ ላይም አለ።

ባለቤቱ መሪውን እንደያዙ መንገዱን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ይህን አስፋልት ማን አሠራው? ደብሊን ያሉት እንዳይመስልህ።» እኔ በዚህ ነገር ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። አንድ ሸለቆ ተመራጩን በስሙ ጠርቶ፣ ስልክ ደውሎ፣ መንገዴ ተበላሽቷል ማለት መቻሉ ያስቀናል። የእኛ ገበሬ ተመራጩን የት አግኝቶ? በሌላ በኩል፣ የአገር መንግሥት በጥቂት ሰዎች የአካባቢ ጥያቄ ላይ ሲቆም፣ ተመራጩ ጉልበት የሌለው ሌላው ሸለቆ ምን ይሆናል? ይህን ስጠይቃቸው ባለቤቱ ዝም አሉ። ከዚያ «እነሱም የራሳቸውን ሂሊ-ሬይ ይፈልጉ» አሉ። መልሱ አላረካኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 20 – የምርጫው ቀን

በጠዋት ባቡር ወደ ደብሊን ተመለስኩ። የምርጫ ጣቢያዎች በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 4 ክፍት ናቸው። እትዬ ከሥራ ወጥተው ነጠላቸውን ካፖርቱ ላይ ደርበው መጡ። ሰፈሩ ያለ ትምህርት ቤት ሄድን። እኔ ውጭ ጠበቅኩ።

ሲወጡ ነገሩን እየተራመዱ አስረዱኝ። ወረቀቱ ረጅም ነው። የዕጩዎቹ ስም በፊደል ተራ፣ ከፎቷቸውና ከፓርቲ ምልክታቸው ጋር ተዘርዝሯል። የሚጻፈው በእርሳስ ነው። ምልክት ግን አይደለም፣ ቁጥር። አንደኛ የምትፈልገው ላይ 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 3። የምትጠላው ላይ ምንም አለመጻፍ ትችላለህ።

ምዕራብ ደብሊን አምስት ወንበር አለው። ድምፁን በስድስት አካፍለህ አንድ ትጨምራለህ፤ ያ ቁጥር ኮታ ይባላል። 60 ሺህ ድምፅ ቢኖር ኮታው 10,001 ነው። ኮታ የሞላ ይገባል። ከኮታ በላይ የተረፈው ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫዎች ይተላለፋል። ማንም ካልሞላ ዝቅተኛው ዕጩ ይወጣና የእሱ ወረቀቶች ሁለተኛ ወደተጻፈባቸው ሰዎች ይሄዳሉ። እንዲህ እያለ አምስቱ እስኪሞሉ፣ አንዳንዴ ከአሥር ዙር በላይ ይቆጠራል። በአገር ቤት በአንድ ድምፅ የበለጠው ወንበሩን ይወስዳል፤ የቀረው ሰው ድምፅ እዚያው ይቀራል። በ2007 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች ሁሉ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ የገቡት በዚህ ሥርዓት ነው።

ፊያና ፎል ይህን ሥርዓት በሕዝበ ውሳኔ ሊያስቀር ሁለት ጊዜ ሞክሯል፤ በ1959 እና በ1968። ሕዝቡ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለ። ይህን ጥበብ እወድላቸዋለሁ።

«አንደኛዬን ለእኔና ለእግዚአብሔር ተወው» አሉ እትዬ። «ሁለተኛዬን ግን ልንገርህ። ለአረንጓዴው ሰው ሰጠሁት።» አረንጓዴው ሰው የፓርቲው መሪ ሮድሪክ ኦጎርማን ናቸው፤ የምዕራብ ደብሊን ተመራጭ። ባለፈው መንግሥት ውስጥ ትንሹ አጋር የእሳቸው ፓርቲ ነበር።

ምሽት 4 ሰዓት ሲሆን ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ ሰዎች የተጠየቁበት ጥናት ይፋ ሆነ። ሺን ፌን 21.1፣ ፊነ ጌል 21.0፣ ፊያና ፎል 19.5። እትዬ «በሉ እንግዲህ!» ብለው ተነሱ። ነገ ኅዳር ጽዮን ነች፤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በዚያው ዕለት የሶሻል ዴሞክራቶች መሪ ሆሊ ኬርንስ ሴት ልጅ ተገላገሉ። ቤቱ ውስጥ እልል የተባለው ለዚህኛው ዜና ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21 – የቆጠራው አዳራሽ

ከእነዚህ ቀናት ሁሉ ረጅም ሰዓት የቆየሁበት ቦታ ይህ ነው። አር ዲ ኤስ የሚባል ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ። የደብሊን ከተማ ድምፅ የሚቆጠረው እዚያ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሣጥኖቹ መከፈት ጀመሩ።

ቆጣሪዎቹ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ከፊታቸው የብረት አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲህ የፓርቲዎች ታዛቢዎች፣ ታሊ የሚይዙ ይሏቸዋል፣ በሆዳቸው ተደግፈው ይንጠለጠላሉ። ቆጣሪዋ ወረቀቱን ከሣጥን አውጥታ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ትዘረጋዋለች። በዚያች ቅጽበት ታዛቢው 1 የት እንዳለ አይቶ ሰሌዳው ላይ መስመር ያሰምራል። አራት ቋሚ፣ አምስተኛው አግድም። ወረቀት፣ መስመር፣ ወረቀት፣ መስመር። ለሰዓታት።

የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የፊያና ፎሉ፣ የፊነ ጌሉና የሺን ፌኑ ሰው ሣጥን ተከፋፍለው ይይዛሉ፤ ከዚያ ሰሌዳቸውን ያዋሕዳሉ። አንዱ ብቻውን ሁሉንም ሣጥን ማየት አይችልማ! እኩለ ቀን ላይ፣ ይፋ ውጤት ሳይኖር፣ ማን እንደሚገባ በግምት ያውቃሉ። ግምቱም ብዙ አይሳሳትም። አንዲት በዕድሜ የገፉ የሺን ፌን ታዛቢ እርሳሳቸው ሲሰበር ከጎናቸው ያለው የፊነ ጌል ወጣት የራሱን መለዋወጫ ሰጣቸው። እሳቸውም ሳያመሰግኑ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ፣ ተቀብለው ማስመር ቀጠሉ።

በ2002 አካባቢ መንግሥት የድምፅ መስጫ ማሽኖች ገዝቶ ነበር። ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጣባቸው። ውስጡ የሚሠራውን ሰው ማየት አይችልም ተብሎ ተቃውሞ ተነሳ። ማሽኖቹ በአጠቃላይ ምርጫ አንድም ቀን አገር አቀፍ አገልግሎት ሳይሰጡ በ2012 ተጣሉ። ወረቀቱና እርሳሱ ቀሩ። እዚህ አጥር ላይ ቆሜ ሳየው ትክክል ነበሩ እላለሁ። የአገር ቤቱን የ1997 ዓ.ም. ምርጫ የምናስታውስ ሰዎች ቆጠራ በዓይን መታየት ማለት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረንም። ያኔ በውጤቱ የተነሳው ጥርጣሬ ሰው በልቷል።

ምሽቱን የማክሰኞዋ መምህርት ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ይታይ ጀመር። የፊያና ፎል ዕጩ ሲወጣ ወረቀቱ ወደ ፊነ ጌል ይሄዳል። የፊነ ጌልም ወደ ፊያና ፎል። መራጮቹ ራሳቸው፣ በእርሳስ፣ ጥምረቱን ጽፈውታል። የሺን ፌን ወረቀት ግን ብዙ ቦታ ይበታተናል። ወደ እነሱ የሚመጣው የሌላ ሰው ሁለተኛ ድምፅም ከሁለቱ አንጋፋዎች በኩል ጥቂት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 22 – ደብሊን

ማዕከላዊ ደብሊን አራት ወንበር አለው። በመጀመሪያው ዙር አንድ የግል ዕጩ አራተኛ ሆኖ ነበር። መግባቱ የተረጋገጠ መስሎ ነበር። ከዚያ ዝቅተኞቹ እየወጡ ወረቀታቸው ሲተላለፍ የሌበር ፓርቲዋ ማሪ ሸርሎክ ከኋላ ተነስታ አለፈችው። ሰውየውን አንደኛ ያሉት ብዙ ነበሩ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ያሉት ግን አልበቁትም። በአየርላንድ ሥልጣን የሚገኘው እንዲህ ነው። የሚወዱህ ብቻ አያስገቡህም። ሌላውን የሚወዱት ሰዎች ቀጥለው አንተን ሊጽፉ ይገባል።

አረንጓዴው ፓርቲ ተመታ። በ2020 ያገኘው 12 ወንበር ነበር። የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ከብዙ ዙር በኋላ በዝውውር ድምፅ የተረፉት ኦጎርማን። እትዬ ይህን ስነግራቸው «ሁለተኛዬ ጠቀመችው!» አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23 – መጨረሻው

ምሽት ላይ የመጨረሻዎቹ ወንበሮች በካቫን-ሞናሃን ሞሉ። ፊያና ፎል 48፣ ሺን ፌን 39፣ ፊነ ጌል 38። ሌበርና ሶሻል ዴሞክራቶች እያንዳንዳቸው 11። የቀረውን ትናንሽ ፓርቲዎችና 16 የግል ተመራጮች ተከፋፈሉት። ከተመዘገበው መራጭ የወጣው 60 በመቶ አይሞላም። ይህ ያሳዝናል፤ የመምህርቷ ዓይነት ሰው በብዛት ቤት ቀርቷል ብዬ እፈራለሁ።

በመጀመሪያ ምርጫ ፊያና ፎል 21.9፣ ፊነ ጌል 20.8፣ ሺን ፌን 19.0 በመቶ አገኙ። ፊነ ጌል ከሺን ፌን በድምፅ በልጦ በወንበር በአንድ አነሰ። ስለዚህ ዝውውር ሁሉን ነገር አይወስንም፤ ስንት ዕጩ የት እንደምታቆምም ያው ነው። ሺን ፌን በ2020 ዕጩ አንሶት ወንበር አምልጦት ነበር። ዘንድሮ ተማረ። ድምፁ ወረደ፣ ወንበሩ በሁለት ጨመረ።

አሁን ሒሳቡ። ሁለቱ አንጋፋዎች 48 እና 38፣ ማለትም 86። ሁለት ሰው ጎደላቸው! ሜሪ ሉ ግራ ዘመም ፓርቲዎችን ሁሉ ቢሰበስቡ 65 ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ጥያቄው ማን ሁለቱን ይሞላል የሚለው ብቻ ነው።

ሌበርና ሶሻል ዴሞክራቶች መሪዎቻቸው ኢቫና ባቺክና ሆሊ ኬርንስ ናቸው። የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች የቀድሞውን አይረሱም። ሌበር በ2011 ከፊነ ጌል ጋር ሲገባ 37 ወንበር ነበረው። በ2016 ሰባት ቀረው። አረንጓዴዎች በ2011 ከፊያና ፎል ጋር ገዝተው ሲወጡ ስድስቱንም አጡ። ዘንድሮ ደግሞ 12ቱ አንድ ሆኑ። የሚቀጣው ትልቁ ሳይሆን አብሮ የፈረመው ትንሹ ነው። እኔ በባቺክ ቦታ ብሆን እንዳልገባ አስብ ነበር። ግን ሁሉም ትንሽ ፓርቲ እንዲህ ካሰበ የማን ፕሮግራም ይተገበራል? ይህን መልስ ይዤ አልሄድኩም።

ከዚያ ወዲህ – ለንደን

የተቀረውን ከቤቴ ተከታተልኩ። ታኅሣሥ ላይ የግል ተመራጯ ቬሮና መርፊ አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ በዶይል ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት። ጎዶሎውን የሞሉት በማይክል ላውሪ የሚመሩት የግል ተመራጮችና የኪልጋርቫን ወንድማማቾች ናቸው። ማርቲን እስከ ኖቬምበር 2027 ይመራሉ፣ ከዚያ ሃሪስ ይረከባል። ማይክል ሂሊ-ሬይ ሚኒስትር ዴኤታ ሆነ።

ጃንዋሪ 22 ቀን 2025 ማርቲን ሊመረጡ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። የላውሪ ሰዎች መንግሥትን እየደገፉ በተቃዋሚ የንግግር ሰዓት እንናገር አሉ። ተቃዋሚዎቹ አይሆንም አሉ። ጩኸት ሆነ፤ ስብሰባው ተደጋግሞ ተቋርጦ ቀኑ ያለ ጠቅላይ ሚኒስትር አለፈ። በማግሥቱ ማርቲን በ95 ለ76 ተመረጡ። ተቃዋሚዎቹ ልክ ነበሩ። መንግሥትን የደገፈ ሰው የመንግሥትን ወንበር መውሰድ አለበት።

በዚያው ወር የ2024 የቤት ግንባታ ቁጥር ወጣ፤ 30,330። በዘመቻው ወቅት የመንግሥት ሰዎች ወደ 40 ሺህ ይጠጋል ሲሉ ነበር። እትዬ ስልክ ደውለው «ያቺ መምህርትህ አሁንም እናቷ ጋ ናት ማለት ነው» አሉኝ።

ግን የዚያ የጃንዋሪ ጠብ አንድ ነገር ወልዷል። ሺን ፌን፣ ሌበርና ሶሻል ዴሞክራቶች አብረው ቆሙ። በ2025 የፕሬዚዳንት ምርጫ ደግሞ ከአረንጓዴዎቹና ከሌሎች ግራ ዘመሞች ጋር ሆነው አንዲት የግል ዕጩ፣ ካትሪን ኮኖሊን፣ ደገፉ። በጥቅምት 63 በመቶ አግኝታ አሸነፈች። በሚቀጥለው የዶይል ምርጫ መራጮቻቸው 1 ከጻፉ በኋላ 2 ን እርስ በርስ ከተጻጻፉ፣ 65 የነበረው ቁጥር እዚያው አይቆምም። እትዬ ከወዲሁ ወረቀቱን እያሰቡበት ነው።